ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲጨምቅ ከቦታው እንዳይሄድ

ድሬዳዋ ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ብዙ ቤት የሚቀመጠው በረንዳ ላይ ወይም ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ አጠገብ ነው። ሲያጥብ ደህና ነው። ሊጨምቅ ሲነሳ ግን መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ግድግዳውን ይመታል፣ ቀስ እያለ ከቦታው ይወጣል። የውሃ ቱቦውን የሚነቅል፣ የሶኬቱን ገመድ እስኪወጠር የሚጎትትም አለ። «አቦ፣ ትንሽ ቢንቀጠቀጥም ያጥባል» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ውሃ ባለበት ወለል ላይ ገመድ የሚጎትት ማሽን አደጋ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ማሽኑን መያዝ ነው። ላዩ ላይ ድንጋይ ወይም የጋዝ ሲሊንደር ይጭናል፣ ከግድግዳው ጋር በጣውላ ያጣብቀዋል፣ ልጅ ጠርቶ «ደገፍ በልበት» ይላል። እባካችሁ ይህን ተዉት። ማሽኑ የሚሄደው ውስጡ የሚሽከረከረው ነገር ሚዛን ስላጣ፣ ወይም እግሩ መሬቱን በደንብ ስላልረገጠ ነው። ከውጭ ስትይዙት ጉልበቱ አይጠፋም። ኩሽኔታውን (የሚሽከረከረውን ክፍል ተሸክሞ የሚያዞረውን)፣ ሞላውንና አካሉን ይበላል። የተጫነው ሲሊንደር ደግሞ ሰው እግር ላይ ሊወድቅ ይችላል።

መያዝ ሳይሆን ምክንያቱን መፈለግ ነው የሚያዋጣው። ከታች ካሉት ሥራዎች ብዙዎቹ ገንዘብ አይጠይቁም፤ በዋናነት የሚጠይቁት የወለሉ መደብና የጠጋኙ ሥራ ናቸው። በተራ ሂዱ። ጠጋኝ የምትጠሩት መጨረሻ ላይ ነው፤ ብዙዎቻችሁ እዚያ ድረስ አትደርሱም።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። ከፊት የሚከፈት ማሽን ከ60 እስከ 80 ኪሎ ስለሚመዝን ማዘንበልም ሆነ መግፋት ለብቻ የሚሞከር ሥራ አይደለም። የሚያግዛችሁ ሰው ጠርታችሁ ሥሩ።

ጉልበቱ ምን ያህል ነው?

ይህን ማወቁ ለቀሪው ሁሉ ይጠቅማል። ልብሱ የሚገባበት ከበሮ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው እንበል። በደቂቃ 1200 ዙር ሲሽከረከር ጠርዙ ላይ የተለጠፈ ልብስ ከራሱ ክብደት 380 ጊዜ ያህል በሚበልጥ ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል። አንድ እርጥብ ፎጣ አንድ ጎን ላይ ተጠቅልሎ ሌላው ጎን በግማሽ ኪሎ ቢቀል፣ ማሽኑ በእያንዳንዱ ዙር ወደ 190 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ወዲያና ወዲህ ይሳባል። በሰከንድ 20 ጊዜ።

ያው ፎጣ በ800 ዙር ሲሽከረከር ጉልበቱ ወደ 86 ኪሎ ይወርዳል። ዙሩ በሲሶ ሲቀንስ ጉልበቱ ከግማሽ በታች ሆነ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

1. መጀመሪያ ጀርባውን እዩ

ማሽኑ አዲስ ከሆነ፣ ወይም ቤት ከቀየራችሁ በኋላ ነው መንቀጥቀጥ የጀመረው ከተባለ፣ ሌላ ነገር ሳትነኩ ወደ ጀርባው ሂዱ። ከፊት የሚከፈቱ ማሽኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ከበሮው መንገድ ላይ እንዳይላጋ በ3 ወይም በ4 ረጃጅም ብሎኖች ይታሰራል። ብሎኖቹ ሳይወጡ ማሽኑ ከተነሳ ከበሮው ከአካሉ ጋር አንድ ላይ ስለታሰረ ሞላው መሥራት አይችልም። ሲጨምቅ ማሽኑ እንዳለ ይዘላል። ሌላው መንቀጥቀጥ ሁሉ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው።

ብሎኖቹን በሚገጥማቸው ቁልፍ ፍቱ። ብዙ ጊዜ 10፣ 12 ወይም 13 ቁጥር ነው። ከላሉ በኋላ ከነላስቲካቸው ወደ ውጭ ሳቧቸው። ቀዳዳዎቹን አብሮ በመጣው የፕላስቲክ ክዳን ዝጉ። ክዳኑ ከጠፋ በሌላ ነገርም ቢሆን ድፈኗቸው፣ ምክንያቱም አይጥና በረሮ የሚገቡት በዚያ ነው።

ብሎኖቹን አትጣሉ። በፌስታል ቋጥራችሁ ከማሽኑ ጀርባ በፕላስተር ለጥፉት። ከድሬ ሐረር ዕቃ የጫነ ሰው የደንገጎን ጠመዝማዛ ያውቀዋል። ከበሮው ሳይታሰር ያንን ዳገት የወጣ ማሽን ሐረር ሲደርስ ሞላው ተስቦ ወይም አሞርዛተሩ (የከበሮውን መወዛወዝ የሚያበርደው ዘንግ) ተጣሞ ሊገኝ ይችላል። ያገለገለ ማሽን ስትገዙም ብሎኖቹን ጠይቁ። ሻጩ ከሌለው ማሽኑ እንዴት ተጭኖ እንደመጣ ጠይቁት፤ መልሱ ብዙ ይነግራችኋል።

2. አራቱም እግሮች መሬት ይርገጡ

ባዶውን ማሽን ላዩን ይዛችሁ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ግፉት። ከፊት ግራ ወደ ኋላ ቀኝ፣ ከዚያ ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ። እንደ ተሰበረ ወንበር የሚወዛወዝ ከሆነ አንዱ እግር አየር ላይ ነው። የቱ እንደሆነ ለማወቅ ወረቀት አጥፋችሁ ከእያንዳንዱ እግር ሥር ለማስገባት ሞክሩ። ወረቀቱ ያለ ችግር የሚገባበት እግር ያ ነው።

እግሮቹ እንደ ብሎን የተጠረቡ ናቸው። ሲዞሩ ይረዝማሉ ወይም ያጥራሉ። መጀመሪያ ከላይ ያለውን ዳዶ አላሉ፣ ከዚያ እግሩን በእጅ ወይም በቁልፍ አዙሩት። በተቻለ መጠን እግሩ አጭር ይሁን። ብዙ የወጣ እግር ቀጭን ምርኩዝ ነው፣ ይወዛወዛል። ስለዚህ ሁሉንም እስከ መጨረሻው አስገቡና ዝቅ ያለውን ጎን ብቻ የሚፈልገውን ያህል አውጡ። አንዳንድ ማሽኖች የኋላ እግራቸው በራሱ ይስተካከላል። እነዚህን ማሽኑን ትንሽ ወደ ፊት አዘንብላችሁ ቀስ ብላችሁ መመለስ ነው።

ልኩን በውሃ ልክ እዩት። አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ከፊት ወደ ኋላ። ከግንበኛ ጎረቤት መዋስ ይቻላል። ካልተገኘ ጎኑ ቀጥ ያለ ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ግማሽ ድረስ ጨምሩና ማሽኑ ላይ አስቀምጡት። ከጠርዙ እስከ ውሃው ያለው ርቀት ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። በስልክ የሚሠራ ውሃ ልክም አለ፤ የስልኩ ካሜራ ወጣ ያለ ከሆነ ግን ያሳስታል።

አሁን የሚረሳው ነገር፦ ዳዶውን። እግሩ ከተስተካከለ በኋላ ዳዶውን ወደ ላይ፣ የማሽኑ አካል ድረስ አጥብቁት። ዳዶ ያልታሰረበት እግር ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ በራሱ ይዞራል። «አስተካክለነው ነበር፣ ተመልሶ እንደዚያው ሆነ» የሚሉ ሰዎች ጋ ስትሄዱ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ልል ዳዶ ነው።

3. ወለሉ

በእኛ ከተማ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ይከራል። የበረንዳና የግቢ ሊሾ ሆን ተብሎ ነው የሚዘነብለው፣ ውሃው ወደ መውረጃው እንዲሄድ። በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ወለል ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማሽን ካስቀመጣችሁ አንዱ ጎን ከሌላው በ1.2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ይህን እግሮቹ ሊያካክሱት ይችላሉ። ከዚህ ከበለጠ፣ ወይም ሊሾው ተሰነጣጥቆ ከሥሩ ባዶ ከሆነ፣ እግር ማስረዘም አያዋጣም። መሬቱን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጉት። ድምፁ ደረቅ ከሆነ ጠንካራ ነው። እንደ ከበሮ የሚያስተጋባ ከሆነ ሥሩ ተቦርቡሯል።

ጡብ፣ የጣውላ ቁራጭ ወይም የታጠፈ ካርቶን ከእግሩ ሥር አታስገቡ። ካርቶኑ ውሃ ሲነካው ይፈርሳል፣ ጣውላው ይንሸራተታል፣ ጡቡ ይሰበራል። ለዘለቄታው የሚሆነው ደረጃው የተስተካከለ የኮንክሪት መደብ ነው። አንድ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፣ ግንበኛ ካገኛችሁ ደግሞ ግማሽ ቀን።

መጠኑ 70 በ70 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ በቀጭኑ በኩል 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ማሽናችሁ ሰፊ ከሆነ በየጎኑ ቢያንስ 5 ሴንቲ እንዲተርፍ አስፉት። መጀመሪያ የድሮውን ሊሾ በመሮ አሻክሩት፣ ጠርጋችሁ በውሃ እጠቡት። ለስላሳ ሊሾ ላይ የፈሰሰ ኮንክሪት ከሥሩ ጋር አይያያዝም። በጣውላ አራት ማዕዘን ሠርታችሁ የጣውላውን አናት በውሃ ልክ አስተካክሉ። ዝንባሌው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ከሥር መሬቱ ቢዘነብልም ከላይ መደቡ ልክ ይሆናል። ከተገኘ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በመስቀል አስገቡ። ድብልቁ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ነው። ለዚህ መጠን ከ50 ኪሎው ከረጢት ግማሹ ገደማ ይበቃል።

አሸዋው የወንዝ ከሆነ እፍኝ ያህል በእጃችሁ እሹት። መዳፋችሁ ላይ ጭቃ ከቀረ አጥባችሁ ተጠቀሙ። ውሃ አታብዙ። ቀጭን ድብልቅ ለማፍሰስ ይቀላል፣ ሲደርቅ ግን ደካማ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በድሬ ፀሐይ ወሳኝ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ሲበርድ አፍስሱት። በነጋታው እርጥብ ጆንያ አልብሱትና ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት። ጆንያው ቀትር ላይ ደርቆ ካገኛችሁት ያኔም ጨምሩ። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃ ይዞ ሲቆይ ነው፤ በሙቀት ቶሎ የደረቀ መደብ ላዩ ዱቄት ያወጣል፣ ይሰነጠቃል። 7 ቀን ሳይሞላ ማሽኑን አታውጡበት።

የዚህ መደብ ጥቅም ማስተካከል ብቻ አይደለም። ራሱ ከ100 ኪሎ በላይ ስለሚመዝንና ከወለሉ ጋር ስለተያያዘ መንቀጥቀጡን ይውጣል። ዝናብ ሲጥልም የማሽኑ ሥር ውሃ ውስጥ አይቆምም።

ወለላችሁ ሴራሚክ ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው፣ ይንሸራተታል። የሳሙና ውሃ ከነካው የባሰ። ከእያንዳንዱ እግር ሥር ያለውን ሴራሚክና የእግሩን ላስቲክ በደንብ አጥባችሁ አድርቁ። ከዚያ ከአሮጌ ካላማዳሪ (የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ) አራት እኩል ቁራጭ ቆርጣችሁ አንዳንድ ከእግሮቹ ሥር አስገቡ። ጎማ ጠጋኝ ቤት ጠይቁ። ለዚህ ተብለው የሚሸጡ የላስቲክ ጫማዎችም ጥሩ ናቸው። ወፍራም ስፖንጅ ግን አይሆንም። ለስላሳ ነገር ላይ የቆመ ማሽን የበለጠ ይወዛወዛል። ላስቲክ ካስገባችሁ በኋላ ውሃ ልኩን እንደገና እዩ።

4. ልብሱን እንዴት እንደምታስገቡ

ማሽኑ አንዳንድ ቀን ጸጥ ብሎ፣ አንዳንድ ቀን የሚጮህ ከሆነ ወለሉም እግሩም ደህና ነው። ችግሩ ውስጥ የገባው ልብስ ነው።

ጋቢን እንውሰድ። ጋቢ ወፍራም ጥጥ ነው፣ ውሃ በደንብ ይጠጣል። ብቻውን ሲገባ እየዞረ ይጠቀለልና ከበሮው አንድ ጎን ላይ እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። በተቃራኒው ጎን የሚያመዛዝነው ነገር የለም። ስለዚህ ጋቢ ብቻውን አይታጠብ፤ ሁለት ሦስት ፎጣ ወይም ተመሳሳይ ክብደት ያለው ጥጥ ልብስ አብሮት ይግባ። ቡሉኮና ወፍራም ብርድ ልብስ ለ6 ወይም ለ7 ኪሎ ማሽን ይከብዳሉ። እነሱን በእጅ ማጠብ ወይም ትልቅ ማሽን ያለበት ላውንደሪ መስጠት ይሻላል።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ድሪያና ስስ ሽርጥ ውሃ አይዙም። እነሱ መሃል አንድ ጂንስ ወይም አንድ ፎጣ ከተቀላቀለ ሁሉም ውሃ እዚያ አንዱ ላይ ነው። ስሱን ከስሱ፣ ከባዱን ከከባዱ ጋር እጠቡ።

ከበሮውን አትጠቅጥቁት። ልብሱ ከገባ በኋላ ከላይ መዳፋችሁን በቁሙ የሚያስገባ ክፍተት ይቅር። ግን ሁለት ቲሸርት ብቻ አስገብቶ ማስጨመቅም አይመከርም፣ ጥቂት ልብስ ዙሪያውን መሰራጨት ያቅተዋል። የትራስና የብርድ ልብስ ልባሶችን ዚፕ ወይም ቁልፍ ዝጉ፤ ክፍት ከሆኑ ሌላውን ልብስ ሁሉ ወደ ሆዳቸው ሰብስበው አንድ ኳስ ይሆናሉ።

ጨርሶ መጨመቅ የሌለባቸው ነገሮች አሉ። የዝናብ ልብስ፣ ፕላስቲክ ያለው የሕፃን አንሶላ፣ ከሥሩ ላስቲክ የተለጠፈበት ምንጣፍ። እነዚህ ውሃ አያሳልፉም። ከበሮው ሲፈጥን ውሃውን አቁረው ይይዙና ድንገት ይለቁታል። ማሽን የሚገለብጠው እንዲህ ዓይነቱ ነው።

ጭመቃው ሲጀምር ከጮኸ አቁሙት። በሩ እስኪከፈት ጠብቁ፣ የተቋጠረውን ፍቱ፣ ዙሪያውን በትኑት፣ ጭመቃውን ብቻ እንደገና አስጀምሩ። መብራት መሃል ላይ ሄዶ ሲመጣም እንዲሁ አድርጉ፤ ልብሱ አንድ ቦታ ተከምሮ ነው የሚጠብቃችሁ። ብዙዎቹ ማሽኖች ሚዛን እንደሌለ ሲያውቁ ራሳቸው ደጋግመው ይሞክራሉ። ደቂቃው አልቆጥር ብሎ ወደ ኋላ የሚመለስ ከመሰላችሁ ይህ ነው ምክንያቱ፣ ተበላሽቶ አይደለም።

5. ዙሩን ቀንሱ

አሁን ያንን ቁጥር አምጡት፦ በ1200 ዙር 190 ኪሎ፣ በ800 ዙር 86 ኪሎ። 1200 ዙር የተሠራው ፀሐይ ለማያገኙ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ለሚያሰጡ ሰዎች ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ሞቃትና ደረቅ ነው። በ800 ዙር የተጨመቀ ሸሚዝ ገመድ ላይ ሲሰጣ ሌላ ሥራ ሳትጨርሱ ይደርቃል። ታዲያ ማሽኑን ለምን እናሰቃየዋለን? ለዘወትር ልብስ 800 አድርጉት። ለፎጣና ለጋቢ 1000 ከበቂ በላይ ነው። ሐረር ከፍ ስለምትል ትቀዘቅዛለች፣ በክረምት ወራት እዚያ 1000 መጠቀም ይገባል። ልብሱም እድሜው ይረዝማል፣ ኩሽኔታውም።

6. ባለ ሁለት በርሜል ከሆነ

አንዱ በርሜል የሚያጥብ፣ ሌላው የሚጨምቅ ማሽን ያላችሁ ደግሞ ሚዛኑን የምትሠሩት ራሳችሁ ናችሁ። ልብሱን ጨምቃችሁ ወደ መጭመቂያው ስታዛውሩ መሃል ላይ አትከምሩት። በርሜሉን ዙሪያውን እኩል እያደረጋችሁ ደርድሩ፣ በእጃችሁ ወደ ታች ጫን አድርጉት፣ ከዚያ ክብ የፕላስቲክ መክደኛውን ከላይ አስተካክላችሁ አስቀምጡ። መክደኛው በብዙ ቤት ይጠፋል። ያለ እሱ ጭመቃው ሲፈጥን ልብሱ ወደ ላይ ይወጣና ጎኑን ይመታል። መጭመቂያው ከማጠቢያው ያነሰ ነው፤ ያጠባችሁትን በሁለት ዙር ጭመቁ። ክዳኑ ሲከፈት በርሜሉ ወዲያው መቆም አለበት። ሳይቆም የሚዞር ከሆነ ፍሬኑ ስለላላ አሠሩት፤ እጅ ፈጽሞ አታስገቡ።

7. ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከሄደ

ያኔ ችግሩ ውስጥ ነው። ጠጋኝ ከመጥራታችሁ በፊት ሶኬቱ ተነቅሎ አራት ነገር ፈትሹ፣ ዋጋውንም ምክንያቱንም አውቃችሁ ትነጋገራላችሁ።

ከታች ያለውን የፍሳሽ ማጣሪያ ክፈቱ። ከሥሩ ሳህን አድርጉ፣ ውሃ ይፈሳል። ሳንቲም፣ የፀጉር ጌጥ፣ ክር ይገኝበታል። ውሃው በደንብ ካልወጣ ጭመቃው ከነውሃው ሊጀምር ይችላል።

በሩን ከፍታችሁ ከበሮውን በሁለት እጅ ወደ ታች ግፉና ልቀቁ። ጤነኛ ማሽን አንዴ ብድግ ብሎ ይቆማል። ሦስት አራት ጊዜ የሚወዛወዝ ከሆነ አሞርዛተሩ አልቋል።

የውስጠኛውን ከበሮ የላይኛው ጠርዙን ይዛችሁ ወደ ላይ አንሱት። ከውጭው ተለይቶ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ሲጨምቅም እንደ አውሮፕላን የሚያጉረመርም ከሆነ፣ ኩሽኔታው ነው። ይህን ሳይጠገን አትጠቀሙበት።

ከበሮው ወደ አንድ ጎን ወርዶ ከተቀመጠ ሞላው ተነቅሏል ወይም ተስቧል። በተረፈ ጭመቃ ላይ ከባድ ነገር የመውደቅ ዓይነት ጓ ጓ የሚል ድምፅ ካለ፣ ከበሮውን እንዲያከብድ የታሰረው የኮንክሪት ክብደት ብሎኑ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ይህ በማጥበቅ ብቻ ይድናል፣ ክብደቱ ካልተሰነጠቀ።

ጠጋኙ አሞርዛተር ሲቀይር ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዲቀይር ንገሩት። አንድ አዲስ ከአንድ አሮጌ ጋር እኩል አይሠራም። ዘይት ወይም ግሪስ ቀብቶ ልመልሰው ካላችሁ አትስማሙ፤ ለብዙዎቹ አሞርዛተሮች መያዙ ነው ሥራቸው፣ ግሪስ ያንን ያጠፋባቸዋል። ሥራው ሲያልቅም ገንዘብ ሳትከፍሉ መጀመሪያ ባዶውን፣ ከዚያ ጥቂት ፎጣ ጨምራችሁ እሱ ባለበት አስጨምቁት።